ከቦረና ወጥቶ ለቦረና የሚያስተምር መምህር

ለመምህርነት ለሚሠለጥኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሰጥ ነፃ የትምህርት ዕድል (ስኮላርሺፕ) ማለት አንድ መንግሥት፣ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ወይም በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ የሚኖሩ ግለሰቦች የሠልጣኙን ወጪ በሙሉ ወይም በከፊል የሚሸፍኑበትና ብዙውን ጊዜም ተመራቂው ለተወሰኑ ዓመታት በማስተማር ውለታውን እንዲመልስ የሚጠይቁበት አሠራር ነው። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ገንዘብ ያጠረው ጎበዝ ተማሪ አለ፣ መምህር ያጣ ትምህርት ቤት አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ለጋሽ ደግሞ ይገኛል። ይሁን እንጂ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች፣ ይህ አሠራር ፍሬ ማፍራት አለማፍራቱን በአብዛኛው የሚወስነው ገንዘቡ የትኛውን ወጪ እንደሚሸፍንና በየትኛው ጊዜ እንደሚደርስ ነው፤ በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ድኻውን ተማሪ ከትምህርቱ የሚያስቀረው ብዙ ለጋሾች እንደሚገምቱት የመማሪያ ክፍያ አይደለምና።

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ይህ ቦረና በኦሮሚያ ደቡባዊ ጫፍ ከሚገኘው ስመ ሞክሼው ዞን ጋር መምታታት የለበትም። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መካነ ሰላም ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ይሻገራል። ወግዲ፣ ከለላ፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሳይንትና ሳይንት የአካባቢው ወረዳዎች ናቸው። አገሩ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ጤፍ የሚያበቅል ደጋና ወይና ደጋ ሲሆን፣ የዓባይ፣ የበሽሎና የወለቃ ሸለቆዎች ከየአቅጣጫው ስለሚሰነጥቁት በካርታ ላይ ጎረቤት የሚመስሉ ሁለት ቀበሌዎች በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ሊራራቁ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት መምህር ማግኘት ብቻ ሳይሆን ማቆየትም ከባድ ነው፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ወጣት መምህር ከመኪና መንገድ በራቀ ቀበሌ ሲመደብ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ዝውውር መጠየቁ የተለመደ ነገር ነው፤ በዚያው ተወልዶ ያደገው ግን ገደሉንም ብርዱንም ያውቀዋል፤ ወላጆቹም እዚያው አሉ። የተወላጅ መምህር ጥቅም ከሌላው በላይ ጎልቶ የሚታየው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው።

በኢትዮጵያ የመምህርነት ሥልጠና በሁለት መንገድ ይሰጣል። የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን በክልሎች ሥር በሚተዳደሩት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች፣ ለምሳሌ በደሴና በወልድያ፣ ሲሠለጥኑ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ግን በዩኒቨርሲቲ በኩል ያልፋሉ። ካለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ወዲህ በሰፊው የተሠራበት ሥርዓት፣ የወደፊቱ መምህር መጀመሪያ በፊዚክስ፣ በሒሳብ፣ በታሪክ ወይም በሌላ የትምህርት ዓይነት የመጀመሪያ ዲግሪውን እንዲይዝና ከዚያ በኋላ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ የተባለውን፣ በመምህራን አንደበት ፒጂዲቲ የሚጠራውን፣ የማስተማር ዘዴ ሥልጠና እንዲወስድ የሚያደርግ ነው። ይህ ዝርዝር ለለጋሹ እጅግ አስፈላጊ ነው። አንድ የፊዚክስ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ በገባበት ቀን ገና የመምህርነት ሠልጣኝ አልሆነም፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ባንክ ሊቀጠር፣ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ለመምህርነት ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሚከፈል ከሆነ ተማሪው በመንገድ ላይ አሳቡን ሊለውጥ እንደሚችል ታውቆ፣ በመጨረሻው የሥልጠና ዓመት ብቻ የሚከፈል ከሆነ ደግሞ ችግረኞቹ ቀድመው ማቋረጣቸው ታስቦ መደልደል ይኖርበታል። የአዲስ አበባው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ መደራጀቱ አንድ መልካም እርምጃ ነው፤ መምህር ለመሆን የወሰነ ወጣት ከመነሻው ለዚያ ሙያ በተዘጋጀ ተቋም የሚማርበት በር ተከፍቷልና።

የቀደመው ልማድና የውጭው እጅ

ወሎ ከሩቅ የመጣን ተማሪ አብልቶ የማስተማር ረጅም ልማድ ያለው አገር ነው። ንባብ፣ ዜማ ወይም ቅኔ ሊማር አገሩን ጥሎ የወጣው የቆሎ ተማሪ ከየደጁ በሚያገኘው ቁራሽ እየተዳደረ ዓመታት ይቆይ ነበር፤ በእስልምናው በኩልም እንደ ዳናና ጀማ ንጉሥ ባሉት የታወቁ የትምህርት ማዕከላት የሚቀሩትን ደረሶች የአካባቢው ሕዝብ ከእህሉ እያካፈለ ያኖራቸው ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ማንም ሰው ብዙ አልሰጠም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሰጥቷል፣ የሚሰጠውም ተማሪው ጥናቱን ሲቀጽል በጆሮው እየሰማ ነበር። ዘመናዊው የለጋሽ ገንዘብ በመጠን ቢበልጥም ይህ ቅርበትና ይህ መደበኛነት ብዙ ጊዜ ይጎድለዋል፤ የተማሪው ገንዘብ አንዴ በጥቅምት፣ አንዴ በሚያዝያ፣ አንዳንዴም ዓመቱ ካለቀ በኋላ ይደርሳል።

ዘመናዊው የመምህራን ሥልጠና ከጣሊያን ወረራ ማብቃት በኋላ በ1944 በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አገሪቱ ለሁለተኛ ደረጃ የሚበቃ የራሷ መምህር አልነበራትም ማለት ይቻላል። ክፍተቱ ለብዙ ዓመታት የተሞላው ከሕንድ፣ ከብሪታንያ፣ ከካናዳና ከሌሎች አገሮች በመጡ መምህራን ነበር። በ1950ዎቹ አሜሪካ ፖይንት ፎር በተባለው የቴክኒክ ዕርዳታ መርሐ ግብሯ የመምህራንን ሥልጠና ደገፈች፤ በ1962 መስከረም ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች፣ ወደ 280 የሚጠጉ ወጣት አሜሪካውያን፣ ኢትዮጵያ ገብተው ደሴን ጨምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ በሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። በደሴው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተማሩ የዚያ ዘመን ወሎዬዎች ከእነዚህ መምህራን እጅ እንግሊዝኛና ሳይንስ ተምረዋል። አገልግሎቱ ከልብ የሚመሰገን ቢሆንም፣ መምህሩ ሁለት ዓመት አስተምሮ አገሩ ሲመለስ ወንበሩ እንደገና ባዶ ይሆን ስለነበር፣ መምህር ማስመጣት መምህር ማፍራትን ሊተካ እንደማይችል ብዙዎች በጊዜው ተረድተውታል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከምረቃ በፊት ለአንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶች፣ አብዛኞቹም በማስተማር፣ እንዲያገለግሉ ያስገደደው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መርሐ ግብር በ1964 የተጀመረው በዚህ መንፈስ ነበር።

ለአማራ ክልል ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ታሪክ የባሕር ዳሩ ነው። በ1972 የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዩኔስኮ እና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በተፈራረሙት የሦስትዮሽ ስምምነት በባሕር ዳር የሥነ ትምህርት አካዳሚ (የፔዳጎጂ አካዳሚ) ተቋቋመ። ዓላማው ተራ መምህራንን ማሠልጠን ብቻ አልነበረም፤ በየመምህራን ማሠልጠኛው ገብተው ሌሎችን መምህራን የሚያሠለጥኑ፣ ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ የሚከታተሉና የጎልማሶችን ትምህርት የሚመሩ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ለጋሾቹ ለተማሪ በግል ብር ከመስጠት ይልቅ ተማሪው የሚማርበትን ቤት፣ መጽሐፉንና መምህሩን ስለሰጡ፣ አብዮቱ መጥቶ መንግሥት ሲለወጥና ስምምነቱ የተፈረመበት ዘመን ሲያልፍ ተቋሙ በቦታው ቀረ፤ የመምህራን ኮሌጅ ሆነ፣ በ2000ም በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ ከተሠራው ፖሊቴክኒክ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዛሬ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚያስተምሩት መካከል በዚህ ግቢ ያለፉት ብዙ ናቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን በግል ስም ለመርዳት ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ እንዲህ ወዳለው ሥራ ቢዞር ውጤቱ ከለጋሹ ዕድሜ በላይ እንደሚዘልቅ የባሕር ዳር ታሪክ በቂ ምስክር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ከ2003 ወዲህ በርካታ የአውሮፓ መንግሥታት በጋራ ገንዘብ የደገፉት የመምህራን ልማት ፕሮግራም፣ ከ2009 ጀምሮም የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች የተሳተፉበት አጠቃላይ የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም፣ በሥራ ላይ ያሉ መምህራን ከምስክር ወረቀት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ከፍ እንዲሉ ከፍለዋል። ፊንላንድ ደግሞ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች የሚያስተምሩ የልዩ ፍላጎት መምህራን እንዲሠለጥኑ ለረጅም ዓመታት ረድታለች። ቀደም ባለው ዘመን ግን ኢትዮጵያም ራሷ ሰጪ የሆነችበት ጊዜ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1958 ለአፍሪካ ወጣቶች የሰጡት 200 የነፃ ትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከጋናና ከሌሎች አገሮች ብዙዎችን አዲስ አበባ አምጥቷል።

የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ስለ ነፃ የትምህርት ዕድልና ስለ መምህራን ሥልጠና በሁለት የተለያዩ ንዑስ ግቦች ይናገራሉ፤ አንደኛው ለታዳጊ አገሮች ወጣቶች የሚሰጠው ዕድል እንዲበዛ፣ ሁለተኛው ብቁ መምህራን እንዲጨመሩ ይጠይቃል። በዓለም አቀፍ ደረጃ እስከ 2030 ድረስ 44 ሚሊዮን ተጨማሪ መምህራን እንደሚያስፈልጉ ዩኔስኮ በ2023 አስታውቋል፤ ከሰሐራ በታች ያለው የአፍሪካ ክፍል ብቻ 15 ሚሊዮን ያህሉን ይፈልጋል። ሆኖም በነፃ ትምህርት ዕድል ስም ከሚመደበው ዕርዳታ አብዛኛው የሚወጣው በለጋሾቹ በራሳቸው አገር ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነው። ከቦረና የወጣ ወጣት አውሮፓ ሄዶ በሁለተኛ ዲግሪ ቢመለስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለእርሱ በሚወጣው ገንዘብ በደሴ፣ በባሕር ዳር ወይም በዚያው በመካነ ሰላም ብዙ ወጣቶች ሊሠለጥኑ እንደሚችሉ ግልጽ ስለሆነ፣ ሁለቱ ግቦች ሲጋጩ ምርጫው ለአገር ውስጡ ሥልጠና ማድላት አለበት።

የውሉ ወረቀትና የሳምንቱ ስንቅ

በመንግሥት ተመድቦ በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ሲገባ የመማሪያ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ አይጠየቅም። በምትኩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ መሠረት የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ይኸውም የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ በሚቆረጥ ግብር መልክ ለመመለስ የሚገባው ግዴታ ነው። ደንቡ ለመምህርነት የሚሠለጥኑት ዕዳቸውን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲከፍሉ ይፈቅዳል። ስለዚህ መንግሥት ራሱ ከሁሉ ቀድሞ ለመምህራን ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጪ ነው ሊባል ይችላል። አንድ ለጋሽ ይህን ሳያውቅ የመማሪያ ክፍያ እሸፍናለሁ ብሎ ቢመጣ፣ ያልተጠየቀ ክፍያ ይከፍላል፤ ወይም ተማሪው በአገልግሎቱ ሊከፍለው የሚችለውን ዕዳ በገንዘብ ቀድሞ ያወርድለትና በመምህርነት እንዲቆይ የሚያደርገውን አንድ ምክንያት ያነሣለታል።

ችግሩ ያለው በውሉ ያልተጻፈው ወጪ ላይ ነው። መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመድበው ገንዘብ ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ በኋላ 22 ብር ሆነ፣ የኑሮ ውድነቱ ሲከፋ ደግሞ በ2024 ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በግቢው ምግብ ቤት መመገብ ያልፈለገ ተማሪ፣ በተማሪዎች ቋንቋ ነን ካፌ የሚባለው፣ ይህንኑ በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ራሱን ያስተዳድራል። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ከቤት ይመጣል። የሳሙናው፣ የስልክ ካርዱ፣ የፎቶ ኮፒው፣ የሴቶቹ ሞዴስ፣ የብርድ ልብሱ ዋጋ በየወሩ ይመጣል፤ የመንገዱ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። የዩኒቨርሲቲ ምደባ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል በአገር አቀፍ ደረጃ የሚካሄድ ስለሆነ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከቱሉ አውሊያው ዋና ግቢው ሌላ በመካነ ሰላም ግቢ ቢኖረውም የቦረና ልጅ እዚያው ይመደባል ማለት አይደለም፤ ጅማም፣ አርባ ምንጭም፣ ጅግጅጋም ሊደርሰው ይችላል። የማስተማር ልምምድ የሚያደርግበት ወቅት ሲደርስ ደግሞ ነጭ ጋዋንና በተማሪዎች ፊት ሊቆምበት የሚያስችል ደህና ጫማ ያስፈልገዋል። በቤተሰቡ በኩል ያለውም ጉድለት ቀላል አይደለም፤ ገበሬው አባት በጉን ሸጦ የላከው ገንዘብ ሳያንስ፣ በሐምሌ እርሻና በኅዳር አጨዳ የሚረዳው ጉልበት ከቤት ወጥቷል። ለመምህርነት የሚሰጠው የነፃ ትምህርት ገንዘብ በዚህ ዝርዝር ላይ ካላረፈ ሰነዱ የቱንም ያህል ቢያምር ሠልጣኙን ከማቋረጥ አያድነውም።

ይበልጡን ደግሞ የሚያስፈልገው ዕርዳታ ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት በጀመረበት በ2022 ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2023 3.2 በመቶ፣ በ2024 5.4 በመቶ፣ በ2025 8.4 በመቶ ሆነዋል። ከቀሩት የተወሰኑት በሪሜዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት፣ እንዲገቡ ዕድል ቢሰጣቸውም፣ ቁጥሩ ለለጋሹ የሚነግረው ቁም ነገር ግልጽ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡትን ብቻ መርጦ ለመርዳት የተነሣ ሰው የሚመርጠው በጣም ካነሰ ቁጥር ውስጥ ነው፣ በዚያም ውስጥ የገጠሩ ልጅ ድርሻ ከሁሉ ያነሰ ነው።

የገጠሩ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን እንዴት እንደሚማር ማየት ይህን ያስረዳል። ከመካነ ሰላም ርቀው ባሉ ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ወደ ከተማ ሲልኩ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራዩላቸዋል። ተማሪዎቹ ዓርብ ከሰዓት ወይም ቅዳሜ ማለዳ በእግር ወደ ቀበሌያቸው ይሄዱና እሑድ የሳምንቱን ስንቅ፣ እንጀራውን፣ በሶውን፣ ሽሮውን፣ ቆሎውን፣ ተሸክመው ይመለሳሉ። ክረምት ሲበረታና ወንዙ ሲሞላ መመላለሱ ይቋረጣል፤ እንጀራው ሐሙስ ላይ ሲሻግት በሶ በጥብጦ ማደር ይመጣል። ለፈተና የሚዘጋጁበት ሰዓት የሚበላው በዚህ መንገድና በዚህ የቤት ኪራይ ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ሌላም ይጨመርባታል፤ ከቤተሰቧ ርቃ በኪራይ ክፍል ማደሯ ለጥቃት ያጋልጣታል የሚለው የወላጆች ስጋት በአማራ ክልል ብዙ ልጃገረዶችን ቀደም ብለው ወደ ትዳር እንዲገቡ አድርጓል። ስለዚህ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ለኪራይና ለምግብ የሚሰጥ መጠነኛ ድጋፍ፣ የተማሪ ማደሪያ ከተሠራ ደግሞ ይበልጥ፣ ለወደፊቱ የሴት ፊዚክስ መምህር ከዩኒቨርሲቲው ዘመን ዕርዳታ የበለጠ ዋጋ አለው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ፊት የምትቆም ሴት መምህር በጥቂት ቦታ ብቻ በምትታይበት አገር ይህ ጉዳይ ችላ የሚባል አይደለም።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነቱ ተጨምሯል። በ2021 መጨረሻ ደሴና ብዙ የደቡብ ወሎ ወረዳዎች በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሥር ወደቁ፤ ከነሐሴ 2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል፣ በርካታ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተዋል ወይም ተጎድተዋል። ዛሬ 9ኛ ክፍል ያልገባ ልጅ ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መምህር ሊሆን አይችልምና፣ የመምህራን እጥረቱ ገና ወደፊት የሚከፋ መሆኑን የአሁኑ ሁኔታ ያመለክታል።

ከምረቃ በኋላ

ለጋሾች ብዙውን ጊዜ በውላቸው የሚያስገቡት የአገልግሎት ግዴታ ነው፤ ሠልጣኙ የተረዳበትን ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ በተወሰነ አካባቢ እንዲያስተምር ይጠየቃል። በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮች ልምድ ትምህርት ይሰጣል። ደቡብ አፍሪካ ከ2007 ጀምሮ ፉንዛ ሉሻካ በተባለው መርሐ ግብሯ በሒሳብ፣ በሳይንስና በመሳሰሉት እጥረት ባለባቸው ትምህርቶች የሚሠለጥኑትን ትረዳለች፤ ተመራቂውም የተረዳበትን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ ዓመት ማስተማር ይመልሳል። በአሜሪካ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ቲች ግራንት የተባለው ዕርዳታ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር እየሰጠ ተመራቂው በ8 ዓመት ውስጥ 4 ዓመት በድኻ አካባቢ ትምህርት ቤት እንዲያስተምር ያስገድዳል፤ ይህን ካላደረገ ስጦታው ወደ ብድር ይቀየራል። በተግባር የታየው ግን አሳዛኝ ነበር። ግዴታቸውን በትክክል ሲወጡ የነበሩ ብዙ መምህራን ዓመታዊ የማረጋገጫ ወረቀት በጥቂት ቀን ዘግይቶ በመድረሱ ወይም ፊርማ በመጉደሉ ብቻ ስጦታቸው ወደ ዕዳ ተለወጠባቸው፤ ጉዳዩ በ2018 በሰፊው ከተዘገበ በኋላ መንግሥት ለማስተካከል ተገዷል። የፖስታ አገልግሎትና የኢንተርኔት መስመር በሚቆራረጥበት ወረዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ውል ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አይከብድም። ስለዚህ ማረጋገጫውን ከመምህሩ ይልቅ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲልክ ማድረግ፣ ውሉንም ተማሪውና ቤተሰቡ በሚረዱት ቋንቋ መጻፍ ለጋሹ ሊደራደርበት የማይገባ ጉዳይ ነው።

ሌላው ደግሞ ግዴታው ሁለቱንም ወገን ማሰር አለበት። ቀደም ባለው ዘመን የመምህርነት ተመራቂ በዕጣ ይመደብ ነበር፤ ዛሬ ግን ሥራ የሚገኘው በጀት ሲፈቀድና ቅጥር ሲወጣ ነው። ቦረና ተመልሶ እንዲያስተምር ተፈራርሞ የመጣ ወጣት በወረዳው የበጀት ቦታ ሳያገኝ አንድ ዓመት ቢቀመጥ ጥፋቱ የእርሱ አይሆንም። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ከለጋሹ ጋር አስቀድሞ ሲፈራረም፣ በሚመረቁበት ዓመት የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው የትምህርት ዓይነት ክፍት እንደሚሆን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት መታቀድ ይጀምራል፤ ይህ ብቻ እንኳ ከገንዘቡ የማያንስ ጥቅም ነው።

ከዚህም በላይ ደመወዙ አለ። በ2025 መስከረም ተግባራዊ በሆነው ጭማሪ በዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ቀላል ባይሆንም ብሩ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ የገበያው ዋጋ የደረሰበትን ለሚያውቅ መምህር ቤት ኪራይ፣ ምግብና ለወላጆች የሚልከው ተደምሮ ደመወዙ ወሩን አያደርስም። የመምህርነት ሙያ በብዙ ወጣቶች ዘንድ የመጨረሻ ምርጫ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ነፃ የትምህርት ዕድል ብቻውን ይህን ሊለውጥ አይችልም። ነገር ግን ለጋሹ ገንዘቡን አራት ዓመት ለሥልጠና ከፍሎ ከሚያቆም ይልቅ ትንሹን ክፍል ለመጀመሪያዎቹ ሁለት የማስተማር ዓመታት ቢያዘገየው፣ ለምሳሌ በገጠር ቀበሌ ትምህርት ቤት አጠገብ ለመምህራን መኖሪያ ክፍል እንዲሠራ ቢያውለው፣ መምህሩ በቦታው የመቆየቱ ዕድል እጅግ ይጨምራል።

የገንዘቡ ምንጭም ሊታሰብበት ይገባል። የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ተራድዖ ድርጅት ዩኤስኤይድ በ2025 ሥራውን ሲያቆም በኢትዮጵያ ውስጥም ብዙ ፕሮጀክቶች በመሐል ተቋርጠዋል፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ የደረሰ ሠልጣኝ የሚተማመንበት ገንዘብ በአንድ ባዕድ አገር የምርጫ ውጤት ሊቆም እንደሚችል ይህ አሳይቷል። በመካነ ሰላም አካባቢ ግን ቀረብ ያሉ ምንጮች አሉ። በኦስትሪያዊው ተዋናይ በካርልሃይንዝ በም በ1981 የተመሠረተው ሜንሽን ፎር ሜንሽን (ሰዎች ለሰዎች) በቦረና፣ በወግዲና በአጎራባች ወረዳዎች በትምህርት ቤት ግንባታ፣ በንጹሕ ውኃና በአፈር ጥበቃ ሠርቷል፤ የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ) ከአባላቱ በሚሰበስበው መዋጮ ለዓመታት ትምህርት ቤቶችን ሲያሠራ ቆይቷል። በአዲስ አበባ፣ በዓረብ አገሮችና በአሜሪካ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆችም ቢሆኑ ለእህትና ለወንድም ልጅ ገንዘብ በመላክ ሳይጠራ የሚሠራ የነፃ ትምህርት ሥርዓት አላቸው። ይህ ቤተሰባዊ ስጦታ ዘመድ ለሌለው ልጅ አይደርስም፤ የተወላጆች መዋጮ በአንድ የባንክ ሒሳብ ተሰብስቦ፣ ወላጆች፣ መምህራንና የሁለቱም ሃይማኖት አባቶች ባሉበት ኮሚቴ ፊት፣ የተመራጮቹ ስም በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሲከፋፈል ግን ይደርሰዋል፤ በወር በወር በስልክ ወይም በባንክ ሲላክም የሚጠፋና የሚዘገይ ነገር ይቀንሳል።

ከሁሉ ይልቅ ዋጋው አነስተኛ፣ ውጤቱም ቅርብ የሆነው ድጋፍ ደግሞ ዛሬ በየቀበሌው በዲፕሎማ የሚያስተምሩትን መምህራን የሚመለከት ነው። በ2023 የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመምህራን የትምህርት ደረጃ ከፍ እንዲል ስለሚጠይቅ እነዚህ መምህራን በክረምት መርሐ ግብር፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው በሐምሌና በነሐሴ፣ ዩኒቨርሲቲ እየገቡ ዲግሪያቸውን መጨረስ ይኖርባቸዋል። እነርሱ ተመልሰው ያስተምራሉ ወይ የሚለው ጥያቄ አይነሣባቸውም፤ ቤታቸውም፣ ትዳራቸውም፣ ተማሪዎቻቸውም እዚያው ቦረናና ሳይንት ናቸው። የሚጎድላቸው በደሴ ወይም በሌላ ከተማ የሁለት ወር የቤት ኪራይ፣ የምግብና የመጽሐፍ ወጪ ብቻ ነው፤ ልጆች ያሏት መምህርት ደግሞ ሕፃናቷን የሚጠብቅላት ሰው ያስፈልጋታል። የሒሳብ፣ የፊዚክስና የእንግሊዝኛ መምህራን ከሁሉ ስለሚቸግሩ፣ ለእነዚህ ትምህርቶች ቅድሚያ ሰጥቶ በአንድ ወረዳ ጥቂት መምህራንን በየክረምቱ ማስተማር ለአንድ መጠነኛ የተወላጆች ማኅበር እንኳ ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም።